ወደድኩት ወይስ ለመድኩት?

የማታ ፈረቃ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የቂል ጥያቄ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እያብሰለሰልኩት ነው። ትንሽ ስለሚረዝም ይቅርታ።

ታላቅ እህቴ አንድ ዘፈን ላከችልኝ። እሷ ዘፈን ልካ ዝም አትልም። ወዲያው «ሰማኸው?» ትላለች። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ «እሺ፣ አሁንስ?» ትላለች። ዘፈኑ ራሱ ከስድስት ደቂቃ በላይ ነው እኮ! እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ከማታ ሥራ ወጥቼ ዓይኔ እየተከደነ ነበር። ያም ሆኖ ከፈትኩት። መግቢያው አያልቅም፤ አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ማንም አይዘፍንም። (ኋላ ነው የለካሁት። ያኔማ አንድ ሰዓት መስሎኝ ነበር።) ዘፋኙ ሲገባም እንደ ሌሎቹ ከፍ አድርጎ አይገባም። ልጅ አስተኝቶ እንደሚያወራ ሰው፣ ድምፁን ቀንሶ ነው የሚጀምረው። እንደ ምንም እስከ መጀመሪያው አዝማች ታገስኩ። ከዚያ ዘጋሁትና ጻፍኩላት፦ «ደህና ነው።»

«ደህና ነው» ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሐኪም ስለ ቁስል የሚለው ነገር ነው። እሷም ገብቷታል። «እሺ» ብላ መለሰችልኝ፤ ከዚያ ሁለት ቀን ጠፋች።

ዘፈኑ ግን ስልኬ ላይ ቀረ። ሥራዬ ሌሊቱን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ማደር ነው። የሆነ ቦታ ቀይ ካልበራ የምነካው ነገር የለም። ስለዚህ ስልኬ ላይ ያለውን ሁሉ እለቀዋለሁ፤ ተራው የደረሰ ይዘፍናል። ይሄም በየሌሊቱ ተራው እየደረሰ ይመጣ ጀመር። ለማለፍ እንኳን እጄን አላነሳሁም፤ ስንፍና ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። አምስተኛው ወይ ስድስተኛው ላይ፣ መግቢያው ሲጀምር ሳላስበው ጠረጴዛውን በጣቴ እየመታሁ ነበር። ከዚያ አንድ ሌሊት ፊቴን ልታጠብ ሄጄ፣ ቧንቧው ላይ ጎንበስ እንዳልኩ የሆነ ነገር አንጎራጉራለሁ። ልብ ብዬ ስሰማው አዝማቹ ነው። በሌላ ቀን ደግሞ ዘፈኑ ሲያልቅ መልሼ ከፈትኩት። እኔ ዘፈን መልሼ ከከፈትኩ ዓመታት ሆኖኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አዝማቹ ላይ ሁለት ቃል እየተመላለሰች ትመጣለች፦ «ሰው አለ»። እኔ የምሰማት ጠብቃ ነበር። «ለ»ዋ ጠብቃ፤ ማለትም አጠገቧ ሌላ ሰው አለ እንደማለት። ስለዚህ የቅናት ዘፈን ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። የቅናት ዘፈን ደግሞ መቼ አነሰን። አሥራ ምናምነኛው ላይ ግን «ለ»ዋ ላልታ መጣች። ሰው እንዲህ ብሎ አወራ እንደማለት። ወንበሬ ላይ ቀጥ አልኩ። ዘፈኑ ሌላ ዘፈን ሆነብኝ። ነገሩ የቅናት ሳይሆን የወሬኛ ነገር ነው ማለት ነው! መልሼ ሰማሁት፤ ጠብቃ መጣች። እንደገና ስሰማ ደግሞ ላልታ። እስከ ዛሬ የትኛው እንደሆነ አልለየልኝም። ግጥሙን ጽፌ ባየውም ለውጥ የለውም፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም።

እና ጥያቄዬ፦ ይሄ መውደድ ነው ወይስ መልመድ? ማንኛውንም ዘፈን ሃያ ጊዜ ቢያሰሙኝ እንዲህ እሆን ነበር? የሥራ ቦታዬን የማሽን ድምፅም እኮ ለምጄዋለሁ። ሲጠፋ እንኳን ይታወቀኛል። ግን ወደድኩት አልልም። በዚህ ያለፈ ካለ ይንገረኝ። ለእህቴ ምን ብዬ እንደምናገርም ቸግሮኛል።


ጆሮ ደግፍ፦

ለምደኸው ነው። ምርመራው አለቀ፤ ቀጣይ ታካሚ ይግባ።

የምሬን ነው። በአንድ ወቅት የምሠራበት ቦታ አሥራ ሁለት ዘፈኖች ብቻ ከጠዋት እስከ ማታ ይዞሩ ነበር። ማን እንደጫናቸው የሚያውቅ የለም፤ ለመቀየርም ፈቃድ ያለው ሰው አልተገኘም። በወሩ ሁሉንም በቃሌ ያዝኳቸው። ሁለቱን እንዲያውም እየዘፈንኩ ነበር የምሠራው። ባልደረቦቼ «ወደድካቸው አይደል?» ሲሉኝ «አዎ መሰለኝ» እል ነበር። ሥራውን ከለቀቅኩ በኋላ ግን አንዱንም ፈልጌ አልከፈትኩም። ባለፈው ከሁለቱ አንዱ የሆነ ቦታ ሲከፈት ሰማሁና ትከሻዬ ከበደኝ። የሥራ ሰዓት የገባ መሰለኝ።

አፍ ላይ የተለጠፈ ዘፈን ሁሉ ልብ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ራሱ ተራው ደርሶ ባይመጣብህ ኖሮ ትፈልገው ነበር? አስራ ምናም ቀን አትስማውና እየው። ከናፈቀህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።


ማስታወሻ ደብተር፦

ጥያቄህ የቂል አይደለም። ሥነ ልቦና ስማር ከማልረሳቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

ሮበርት ዛዮንስ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው ጥናት አለ። ለሰዎች ትርጉም የሌላቸው ቃላት፣ ቻይንኛ የሚመስሉ ምልክቶች፣ የማያውቋቸው ሰዎች ፎቶ ይታያቸዋል። አንዳንዱ አንዴ ብቻ፣ አንዳንዱ ደጋግሞ። ከዚያ ስለ እያንዳንዱ ምን እንደሚሰማቸው ይጠየቃሉ። ደጋግመው ያዩት በለጠባቸው። ማንም ምንም አላስረዳቸውም፤ ሽልማት የለ፣ ማባበያ የለ። መደጋገሙ ብቻውን በቃ። እስከዚህ ድረስ ጆሮ ደግፍ ልክ ነው፤ መልመድ የሚባለው ነገር ብቻውን መውደድን ያመጣል።

ግን እዚያ ላይ አይቆምም። ዳንኤል በርላይን የሚባል ሌላ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያስተዋለው ነገር አለ። መውደድ እንደ ኮረብታ ነው ይላል። መጀመሪያ ዳገት ነው፤ እየተላመዱ ሲሄዱ ይጨምራል። ከዚያ ጫፍ ላይ ይደርስና ቁልቁለቱ ይመጣል፤ መሰልቸት ማለት ነው። ቀላል ነገር ጫፉ ቅርብ ነው፤ ቶሎ ይወደዳል፣ ቶሎ ይሰለቻል። ውስብስብ ያለው ግን ዳገቱ ረጅም ነው። ጆሮ ደግፍ፣ ያንተዎቹ አሥራ ሁለቱ ዘፈኖች ቁልቁለቱን ጨርሰው ገደል ገብተዋል። የጠያቂው ዘፈን ገና ዳገት ላይ ይመስለኛል። በየዙሩ አዲስ ነገር እያገኘ ነዋ።

ደግሞ አንድ ሌላ ነገር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሞንትሪያል ውስጥ የተሠራ የአንጎል ምርመራ አለ። ሰዎች የሚወዱትን፣ ሰውነታቸውን የሚወርራቸውን ሙዚቃ እየሰሙ አንጎላቸው ይታያል። ዶፓሚን የሚባለው፣ ከደስታና ከጉጉት ጋር የተያያዘው ኬሚካል የሚለቀቀው በዚያ በሚወርራቸው ቅጽበት ብቻ አልነበረም። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ገና ሲጠብቁትም ይለቀቃል። እንዲያውም በሌላ የአንጎል ክፍል። ይሄን ካንተ ጋር አያይዘው፦ የመጀመሪያ ቀን ምን ልትጠብቅ ትችላለህ? የት ላይ ምን እንደሚመጣ አታውቅም። አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንዱ ባዶ ጥበቃ ነበር። ዛሬ ግን ምን እየመጣ እንደሆነ ታውቃለህ። ያው አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ አሁን ጉጉት ሆነልህ።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቀኝ ሁለቱ ቃላት ጠላቶች አይደሉም። መልመዱ ነው መውደዱን ያስገባው።


ባለ ሚክሰር፦

ሁላችሁም ስለ ጭንቅላቱ ታወራላችሁ። እኔ ስለ ጆሮው ልጠይቅ። ወንድሜ፣ በምንድን ነው የሰማኸው? በስልኩ ስፒከር? በኢርፎን? ምን ዓይነት?


የማታ ፈረቃ፦

ባለ ሚክሰር፣ ይሄን ባትጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በኢርፎን ነው። የሚሠራው ግራው ብቻ ነው። የቀኙ ከሞተ ቆይቷል። ሌላ ያልገዛሁት ደግሞ ሥራ ላይ አንዱ ጆሮዬ ነፃ መሆን ስላለበት ነው፤ ማስጠንቀቂያ ሲጮህ መስማት አለብኝ። ጎማውም ወልቋል። ጆሮዬ ላይ እንዳይወድቅ ብቻ ነው የማንጠለጥለው። የመጀመሪያ ቀንም በሱ ነው የሰማሁት።

ጆሮ ደግፍ፣ ሐሳብህን ተቀብያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አልሰማውም። ከዝርዝሩ አወጣሁት። እናያለን።


ባለ ሚክሰር፦

ያሰብኩት ነው። እንግዲያው ዘፈኑን ገና አልሰማኸውም።

ላስረዳ። ዘፈን ሲቀናበር መሃል ላይ የሚቀመጥ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ድምፅ፣ ቤዙና ከበሮው። እነዚህ በሁለቱም ጆሮ እኩል ይሰማሉ። ጊታሩ፣ ኪቦርዱ፣ ተቀባዮቹ ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይበተናሉ። ቦታ እንዳይሻሙ። አንተ የምትሰማው እንግዲህ መሃሉንና ግራውን ነው። ወደ ቀኝ የተቀመጠው ሁሉ ላንተ የለም፤ ቢበዛ ማስተጋቢያው ነው ወደ ግራ የሚተርፍህ። የቤት እቃ ግማሹ በወጣበት ክፍል ተቀምጠህ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው ትላለህ።

ቤዙ ደግሞ በጎማው በኩል ሄዷል። የጆሮ ውስጥ ኢርፎን ቀዳዳውን ካልደፈነ ወፍራሙ ድምፅ ይፈሳል። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ላይ (በሰከንድ 41 ጊዜ እየተንቀጠቀጠች) ነው የምትመታው። የተንጠለጠለ ኢርፎን እዚያ ድረስ አይወርድም። አንጎላችን ብልህ ስለሆነ ከላይ ከላዩ ያለውን ሰምቶ የጎደለውን ኖታ ይገምታል። ዜማው አይጠፋብህም። ክብደቱ ነው የሚጠፋው።

ለጊዜው መፍትሔ፦ ስልክህ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለው ስር ግባ። ሞኖ ኦዲዮ የሚል አለ። እሱን ስታበራ ቀኙም ግራውም ተቀላቅሎ ባለችህ አንድ ጆሮ ይመጣል። ሌሊት ለሚሠራ ሰው የግድ ነው።

አንድ ነገር ግን ከራሴ ልጨምር፤ ከማስታወሻ ደብተር ሐሳብ ጋር ይሄዳል። የኔ ሥራ አንዲት አራት ሰከንድ ቦታ መቶ ጊዜ እየመለሱ መስማት ነው። ከመቶው በኋላ የራሴን ጆሮ አላምነውም። ሁሉም ነገር ቆንጆ ይሆናል፤ ስህተቱ ሳይቀር። ዲያና ዶይች የምትባል ተመራማሪ ይሄው ገጥሟታል። እ.ኤ.አ. በ1995 የራሷን ንግግር ቀድታ እያስተካከለች አንዲት ሐረግ ደጋግማ ስታሰማ፣ ንግግሩ ወደ ዜማ ተለወጠ። ድምፁ ያው ነው፤ ማንም አልነካውም። መደጋገሙ ነው ያዘፈነው። ስለዚህ እኔ ሲያምረኝ አጠፋና እሄዳለሁ። በማግስቱ፣ ጆሮዬ ሲያርፍ፣ አንዴ ብቻ እሰማዋለሁ። ያኔ ቆንጆ ከሆነ ቆንጆ ነው።

ደግሞ ስለ መግቢያው። ዛሬ ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን ተሰማ ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው በር ሳያንኳኳ ነው የሚገባው። አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ የሚያስጠብቅ ሰው ወይ ደፋር ነው ወይ ግድ የለውም። ሁለቱንም እወዳለሁ።


የካሴት ዘመን፦

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ሳነብ ፈገግ አልኩ። በኛ ጊዜ ይሄ ጥያቄ አይነሳም ነበር። ምክንያቱም ምርጫ አልነበረም።

የ60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ጎኑ 30 ደቂቃ ነው። ያልወደድከውን ዘፈን ለመዝለል ወደፊት ታጠነጥናለህ፤ አልፈኸው ትሄዳለህ፤ ወደ ኋላ ትመልሳለህ፤ ደግሞ ታልፈዋለህ። በዚህ መሃል የባትሪ ድንጋዩ ያልቃል። ድንጋይ ለመቆጠብ ካሴቱን አውጥተን በእስክሪብቶ እናጠነጥን ነበር። ስድስት ማዕዘን ያለው እስክሪብቶ ጥርሱ ውስጥ ልክ ይገባል። ለአንድ ዘፈን ይሄን ሁሉ ማን ይለፋል? ዝም ብለን እንሰማለን።

እኔ ዛሬ ከሁሉ የምወደው ዘፈን የአንድ ካሴት ቢ ሳይድ ላይ አራተኛው ነው። መጀመሪያ ስሰማው ስም እንኳን አልሰጠሁትም። «ከአምስተኛው በፊት ያለው» ነበር የምለው። አምስተኛውን ነበር የምጠብቀው። እሱ ሲመጣ ተነስቼ መስኮት እከፍታለሁ፣ ወረቀት አስተካክላለሁ። ስንት ወር እንደቆየ አላስታውስም፤ አንድ ቀን መስኮቱ ጋ ቆሜ ቀረሁ። አምስተኛው መጥቶ አለፈ። እኔ ገና አራተኛው ላይ ነበርኩ።

አሁን የሚያስቀው ይሄ ነው። ቴፔ ድንጋዩ ሲደክም ቀስ ይል ነበር። ዘፈኑም አብሮ ይጎተታል፣ ድምፁም ይወፍራል። ከብዙ ዓመት በኋላ ልጄ ያንኑ ዘፈን ስልኩ ላይ አገኘልኝ። ጥርት ያለ። እኔ ግን «ይሄማ ሮጠ» አልኩት። የሚያለቅስ መስሎኝ የኖረው ዘፋኝ ለካ ትንሽ ፈገግ እያለ ነበር የሚዘፍነው። ታዲያ እኔ የወደድኩት የቱን ነው? ዘፈኑን ወይስ የደከመውን ድንጋይ? አንተስ፣ ልጄ፣ ግራውን ብቻ ነው የወደድከው። ቀኙ ሲመጣ ላትወደው ትችላለህ። ይሄንንም አስብበት።


የማታ ፈረቃ፦

አባቴ፣ አሁን አስፈሩኝ። ሞኖ የሚለውን ላበራው ነበር፤ እጄ ቆመ። ለማንኛውም መስማት ያቆምኩበት ጊዜ ገና ስለሆነ እጠብቃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ያ ፈገግታ አሁን ተዋጠልዎ ወይስ አሁንም የደከመውን ነው የሚፈልጉት?


የካሴት ዘመን፦

ልጄ በስልኩ ፍጥነቱን ቀንሶ ሊያሰማኝ ሞክሮ ነበር። አልመጣልኝም። አሁን ፈጣኑንም እሰማለሁ። ሌላ ዘፈን ነው ብዬ።


ባለ ክራር፦

ጠያቂው ዘፈኑን በግል ልኮልኝ ሰማሁት። ስሙን እሱ ካልጠራ እኔም አልጠራም።

ማንም ያላነሳው ነገር አለ፦ ቅኝቱ፣ ማለትም ዜማው የተሠራባቸው አምስት ድምፆች አደራደር። ይሄ ዘፈን አንቺ ሆዬ ነው። ብዙ ጊዜ ጆሯችን ላይ የሚያልፈው ግን ትዝታ ነው። ከዶ ብንነሳ ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አንድም ግማሽ ድምፅ የለበትም፤ የትኛውም ክር ከየትኛው ጋር ቢመታ አይጋጭም። አንቺ ሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው።) ከዶ ወደ ሬ ፍላት ግማሽ ድምፅ ነው። ከፋ ወደ ሶል ፍላትም እንዲሁ። ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ ተጣብቀው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ሰፊ ዝላይ ይመጣል። ጆሮህ በትዝታ መንገድ እየሄደ ከነበረ እግር እንደሚያደናቅፍ ደረጃ ነው የሚሆንብህ። ስህተት አይመስልም። ግን ምቾት የለውም። «ደህና ነው» ያሰኘህ አንዱ ይሄ ይመስለኛል፤ በተለይ እንቅልፍ ባለበት ጆሮ።

እኔ ራሴ ክራሬን ከትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ ስቀይር ወዲያው አልጫወትም። ክሮቹን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያልኩ እመታለሁ። ዜማ አይደለም፤ ጆሮዬን አዲሱ ቤት ውስጥ ማስገባት ነው። ያን ሳላደርግ ብጀምር ጣቴ ልክ ሆኖ ጆሮዬ «ተሳስተሃል» ይለኛል። የዚያ ዘፈን ረጅም መግቢያ ሥራው ይሄ ነው። አምስቱን ድምፆች አንድ በአንድ እያስተዋወቀህ ነው። አንተ ግን እንግዶቹ እስኪገቡ አልጠበቅክም።

ስለ «ሰው አለ» ደግሞ መልሱን አውቄዋለሁ። አልነግርህም። በሁለት ጆሮ ስማውና ና።


ጆሮ ደግፍ፦

መልሱ ዘፋኙ የዚያን ቀን ጉንፋን ይዞት ነበር የሚል ከሆነ ከወዲሁ እንኳን ደስ አለኝ።

ባለ ክራር፣ አንድ ነገር ግን። እንዲህ ሁሉን ነገር ካብራራችሁለት የሚቀረው ምንድን ነው? እኔ አስማት አሠራሩ ከተነገረኝ በኋላ ደግሜ አይቼ አላውቅም።


ባለ ክራር፦

እኔ ሃያ ዓመት ክራር ገርፌ አንቺ ሆዬ ሲመጣ አሁንም ዝም እላለሁ። እንግዲህ እወቀው።


የማታ ፈረቃ፦

ተመልሻለሁ። አሥራ ሁለት ቀን አልሰማሁትም።

እውነቱን ልናገር። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ትዝም አላለኝም። ጆሮ ደግፍ አሸነፈ ብዬ ነበር። ሰባተኛው ሌሊት ላይ ግን የሆነ ነገር ጎደለኝ። አዝማቹ አልነበረም የጎደለኝ። ዘፈኑ አራት ደቂቃ አካባቢ ላይ መሣሪያው ሁሉ ቆም ይላል። ከዚያ ዘፋኙ አየር ሲስብ ይሰማል። ጥርሱ መሃል የሚያልፈው አየር ሳይቀር። ከዚያ ነው የሚገባው። የናፈቀችኝ ያቺ ትንፋሽ ናት። ከመቼ ጀምሮ ልብ እንዳልኳት አላውቅም። ሥራ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ምንም ሳይከፈት፣ እንደሱ አየር ስቤ አገኘሁት ብላችሁስ? ባልደረባዬ «ምን ሆንክ?» አለኝ።

አሥራ ሁለተኛው ቀን የባልደረባዬን ሄድፎን ተዋስኩ። ትልቁን፣ ሁለቱንም ጆሮ የሚሸፍነውን። ፈረቃዬ አልቆ፣ ማስጠንቀቂያው የሌላ ሰው ኃላፊነት በሆነበት ሰዓት፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት።

በቀኝ በኩል ሴት አለች።

ዘፈኑ ውስጥ ሴት እንዳለች አላውቅም ነበር! ገና መግቢያው ላይ ከሩቅ ታንጎራጉራለች። ከዚያ አዝማቹ ሲመጣ እሱ መሃል ላይ «ሰው አለ» ይላል፤ ጠብቃ። እሷ ከቀኝ ትመልስለታለች፦ «ሰው አለ»፤ ላልታ። እሱ ሌላ ሰው አለሽ ነው የሚላት። እሷ ደግሞ የሰው ወሬ ነው ትለዋለች። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ነው የከረሙት፤ እኔ የአንዱን ብቻ ስሰማ። ላልታ የመጣችብኝ ጊዜ ሁሉ ለካ የሷ ድምፅ ነው ከማስተጋቢያው ጋር ወደ ግራ ሲተርፈኝ የነበረው። ባለ ሚክሰር፣ ያልከው በትክክል ይሄ ነው። ባለ ክራር፣ ስላልነገርከኝ አመሰግናለሁ። አባቴ፣ የፈሩልኝ አልደረሰም፤ ቀኙንም ወደድኩት። ግን ልክ ነዎት፣ ሌላ ዘፈን ነው። የድሮው፣ ሰውየው ብቻውን የሚያወራበት፣ አንዳንዴ ይናፍቀኛል። ያን ለመስማት የተበላሸችውን ኢርፎን አልጣልኳትም።

ጆሮ ደግፍ፣ ይቅርታህን እጠብቃለሁ።

ለእህቴም ጻፍኩላት። ረጅም ነው የጻፍኩት፤ ስለ ቀኙ፣ ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ዘፋኙ ትንፋሽ ሁሉ። «ደህና ነው» ስላልኩሽ ይቅርታ ብዬ ጨረስኩ። ወዲያው መለሰች፦ «የቱ ዘፈን?»

ነገርኳት።

«እሱንማ ሰለቸኝ። ቀን ከሌት ስሰማው ከርሜ አጠፋሁት። ሴትዮዋ እንዳለች ግን እንዴት አልሰማህም?» አለች። ማስታወሻ ደብተር ያለችው ቁልቁለት ይሄ መሆን አለበት። እኔ ዳገቱን ስጨርስ እሷ በዚያ በኩል ወርዳለች።

ከዚያ ሌላ ዘፈን ላከችልኝ። «ሰማኸው?» ብላለች። ከደቂቃዎች በኋላም ደግማለች። በሁለት ጆሮ፣ ሳልተኛ፣ እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ። ምን ብዬ እንደምመልስላት ግን እስካሁን እየጻፍኩ እያጠፋሁ ነው።